ቀይ መብራቱ ስለተቀነሰለት ቀላል ፕሮግራም

ለክቡር አቶ ሰብሃት
የዲጂታል አገልግሎት ማስፋፊያ ማስተባበሪያ ኃላፊ
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ ማመስገንንና መፍራትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አቀርባለሁ። ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ሰሎሜ፣ ለልጆችዎና በቢሮዎ ደጃፍ ተራ ለሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ጤንነታችሁንም ከእኛው ፕሮግራም በቀር በሌላ በማናቸውም መንገድ፣ ቢቻል በሐኪም ዓይንና እጅ፣ እንድታረጋግጡ በትሕትና እለምናለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ስሜ ውባየሁ ጣሰው ይባላል። በጤና ጣቢያዎቻችን ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን የነፍሰ ጡር እናቶች መከታተያ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በምረቃው ዕለት ባደረጉት ንግግር «አንድ የአካባቢው ወጣት» ብለው ያመሰገኑኝ ማለት ነው። ስሜ ያልተጠራው ሰዓት ለመቆጠብ መሆኑ ገብቶኛል፤ ንግግሩ ረጅም ነበር።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ድፍረት ኖሮኝ አይደለም። ፈሪ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቤም ሰፈሬም ያውቀዋል። ልጅ ሳለሁ ሰማይ ሲያጓራ አልጋ ሥር የምገኘው እኔ ነበርኩ፤ አሁንም መኪና ቁልቁለት ሲወርድ የፊተኛውን ወንበር ጨብጬ የማልለቅ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው እርስዎን መፍራት ይገባዋል፣ እፈራዎታለሁም። ነገር ግን በቅርቡ ከእርስዎ የበለጠ የሚያስፈራኝ ነገር አገኘሁ። ታናሽ እህቴ ኑኃሚን ከደካ ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት ቀበሌ መምህርት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቢቀራት ነው፤ የእርግዝና ክትትሏም በዚያው በቀበሌው ጤና ጣቢያ፣ በዚያው እርስዎ ባቀለሉት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ፍርሃቶቼ ትልቁን መርጬ ብዕር አነሣሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢም ሊያገኘው ስለሚችል፣ እርስዎ የሚያውቁትን ጥቂት ነገር ልደግም ይፈቀድልኝ። ፕሮግራሙ ሥራው ቀላል ነው። የእናቲቱ ደም ግፊት፣ ክብደቷ፣ ራስ ምታት እንዳላት፣ ደም እንደፈሰሳት፣ እግሯ እንዳበጠ ይገባለታል። ከቀድሞ ክትትሎቿ ጋር አስተያይቶ ደህና ከሆነች አረንጓዴ ያበራል። አደጋ ካየ ግን የኮምፒውተሩ ማያ ቀይ ይሆናል፣ ይጮኻል፣ በአማርኛና በካፊኖኖ «ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ትሂድ» ይላል፣ ቁጥር ያለው የሪፈር ወረቀትም ያትማል። አምቡላንስ የሚጠራው በዚያ ቁጥር ነው። ከዚህ በላይ ፕሮግራሙ ምንም አያውቅም፤ የተጻፈው ለዚች ለቀይዋ ብቻ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። አረንጓዴውንማ ማንም ያበራዋል።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ እገባለሁ።

አንደኛ፤ የቅነሳውን ሐሳብ ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ይህን የምለው ለሽሙጥ አይደለም፤ ሽሙጡ በኋላ ይመጣል። አንድ ፕሮግራም ተጽፎ ካለቀ በኋላ ማሽን ብቻ ወደሚረዳው አንድ ፋይል ይቀየራል፤ ለጤና ጣቢያዎች የሚላከው ይኸው ፋይል ነው። የእኔ ፋይል መጀመሪያ ስልሳ ሜጋባይት ነበር። ደካ በኩል ደግሞ ኔትወርክ የሚመጣው ሲያሻው ነው፤ ስልሳ ሜጋባይት ማውረድ የጀመረ ሰው ዘጠና በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ይጠፋበትና ሀ ብሎ ይጀምራል። በዋጫ በኩል ያሉ ባለሙያዎች ፋይሉን በፍላሽ ይዘው ለመመለስ ብቻ ቦንጋ ድረስ ሲመላለሱ አይቻለሁ። ፋይል ካልደረሰ ደግሞ ቀይ የለም፣ አረንጓዴም የለም። ስለዚህ መቅለሉ ግድ ነበር፤ ከእርስዎ ትእዛዝ በፊትም ጀምሬው ነበር። ስህተት ሲፈጠር ቦታውን የሚጠቁሙልኝን፣ ከእኔ በቀር ለማንም የማይጠቅሙትን ስሞች ከፋይሉ አወጣሁ። ለአንድ ጭልፋ ወጥ የሰርግ ድስት እንደመጣድ፣ ለአንዲት ትንሽ ሥራ ብዬ ሙሉ በሙሉ ያስገባኋቸውን የተዘጋጁ ጥቅሎች አውጥቼ በጥቂት መስመር ተካሁ። ቀያሪው መሣሪያም ከፍጥነት ይልቅ መጠንን እንዲያስቀድም አደረግሁ። ፋይሉ ወደ ሃያ ሁለት ሜጋባይት ወረደ፣ አንዲት ሥራም አልጎደለበትም።

እርስዎ ግን ከስብሰባ ሲመለሱ፣ የአጎራባች ዞን ፕሮግራም አምስት ሜጋባይት ብቻ መሆኑን ሰምተው ስለመጡ፣ የእኛ ከአራት እንዳይበልጥ አዘዙ። የጎረቤታችን ፕሮግራም የስብሰባ አዳራሽ ወረፋ መያዣ መሆኑን ለማስታወስ እጄን አውጥቼ ነበር፤ ሰዓት አልቋል ተባለ። ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚታየው እርስዎ ሪባን ሲቆርጡ የተነሡት ፎቶግራፍ ብቻውን ሁለት ሜጋባይት ይወስዳልና እንዲያንስ ብጠይቅም፣ የኃላፊው ፊት ይደበዝዛል ተብዬ ተመለስኩ። እውነት ነው፤ ፊትዎ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሥራው ከእጄ ተወስዶ ለኮሚቴ ተሰጠ፤ ስለ ዕረፍቱም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ኮሚቴው በአዳራሽ ስላደረገው ታላቅ የቅነሳ ሙከራ አመሰግናለሁ። እኔ ባልጠራም ጽሕፈት ቤትዎ ቪዲዮውን በቴሌግራም ገጹ ስለለጠፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልክቼዋለሁ፤ እስካሁንም እዚያው አለና አንባቢ ሊያየው ይችላል። ባለሙያዎ አቶ ኢዮሲያስ አንድ መሣሪያ አምጥቷል፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ የትኛው ክፍሉ እንደተጠራ፣ የትኛው ሳይጠራ እንደቀረ ይለያል። ተሰብሳቢው በየተራ እየወጣ አንዲት ነፍሰ ጡር ይመዘግባል፤ በሙከራው ሁሉ አንድም ጊዜ ያልተጠራ ክፍል ሥራ ፈት ተብሎ ይቆረጣል። ዘዴው በራሱ ክፉ አይደለም፣ ባለሙያዎች ይሠሩበታል። ችግሩ መሣሪያው የእኛን ሰው አለማወቁ ነው።

ስም አስገቡ ሲባል ሁሉም የሚወዳትን ሴት ስም አስገባ። አንዱ ሚስቱን፣ አንዷ ምራቷን፣ ሌላው ማንኪራ ያለች የአክስቱን ልጅ። እርስዎም ልጆች አሳድገው ለዩኒቨርሲቲ ያበቁትን ወይዘሮ ሰሎሜን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር አድርገው መዝግበው አዳራሹን በሳቅ አፈረሱት። ከሚወዱት ሰው ስም አጠገብ ደግሞ ማን ክፉ ይጽፋል? ደም ግፊት መቶ አሥር በሰባ። ራስ ምታት የለም። ደም መፍሰስ አያድርገውና የለም። እግር አላበጠም። ያን ቀን በአዳራሹ የተመዘገቡት ሴቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ጤና ነበራቸው፤ በዞናችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ሃሌሉያ የተባለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የእህቷን ስም አስገብታ፣ ምን እንደሚል ለማየት ይመስለኛል፣ ግፊቱን መቶ ሰማንያ ብላ ጻፈች። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሣባት፤ «ኧረ በስማም በይ!»፣ «አጥፊው! አጥፊው!»፣ «በነፍሰ ጡር ይቀለዳል እንዴ?» ልጅቷ ደንግጣ፣ ፊቷ ቀልቶ አጠፋችውና መቶ አሥር በሰባ ጻፈች። እርስዎም ማይክሮፎኑን ተቀብለው «መልካም መልካሙን አስገቡ፤ ሟርት ቢሮአችን አይግባ» ሲሉ ሁሉም አጨበጨበ።

በዚህ ጉዳይ ማንንም አልነቅፍም። በእኛም ቤት ሴት ካረገዘች ክፉ ወሬ ከደጅ ይመለሳል፤ የታመመ ሰው ስም እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚነሣው። እዚያ ብኖር «አጥፊው» ከሚሉት መካከል ድምፄ ሳይሰማ አይቀርም ነበር። ግን ሰው ሟርት ቢፈራ በቤቱ ይፈራል፤ እናንተ ፍርሃታችሁን ፋይል ውስጥ አስገብታችሁ ለጤና ጣቢያ ላካችሁት።

ሦስተኛ፤ ስለ ውጤቱ አመሰግናለሁ። በአዳራሹ አንዲትም የታመመች እናት ስላልነበረች የማስጠንቀቂያው ክፍል አንድም ጊዜ አልተጠራም፤ መሣሪያውም ሥራ ፈት ብሎ መዘገበው፤ ኮሚቴውም ቆረጠው። ቆርጦ መጣል ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ፕሮግራሙ የተቆረጠውን ሲፈልግ አጥቶ ይወድቃል፣ ሰውም ምን ሆነ ብሎ ይነቃል። ነገር ግን መውደቅ ለገጽታ ጥሩ ስላልሆነ በተቆረጠው ቦታ ሁሉ ባዶ መልስ ተተካ። አሁን ፕሮግራሙ የእናቲቱን ነገር ሁሉ ይቀበልና «አደጋ አለ ወይ?» ብሎ ባዶውን ቦታ ይጠይቃል፤ ባዶው ዜሮ ይመልሳል፤ ዜሮ ማለት የለም ማለት ነው። አረንጓዴ ይበራል። ደም እየፈሰሳት ቢሆን አረንጓዴ ይበራል። ሕሊናዋን ስታ ብትወድቅ አረንጓዴ ይበራል።

ፋይሉ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ሜጋባይት ሆነ፤ ደስታችሁ በቪዲዮው ላይ ይሰማል። ከዚህ ውስጥ የማስጠንቀቂያው ክፍል በመቆረጡ የተቆጠበው ቦታ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ካለ መልሱ ይኸው፤ በፎቶግራፉ ላይ በቀኝ እጅዎ የያዙት መቀስ ብቻውን ከዚያ ክፍል የበለጠ ቦታ ይወስዳል። የከበደውን ትተን የቀለለውን ጣልን፤ መቀሱ ቀረ፣ ቀይዋ ሄደች።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ማንም አይደለም፤ ያወቅሁት ከምስጋና ነው። ኑኃሚን በምትከታተልበት ጤና ጣቢያ አዋላጅ የሆነችው ሲስተር የሺሃረግ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ደወለችልኝ። «ውባየሁ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አዲሲቱ እንዴት ያለች ጨዋ ናት!» አለችኝ። «ያቺ የፊተኛዋ በገበያ ቀን ሰው በበዛ ቁጥር እየጮኸች ነፍሳችንን ታወጣው ነበር። ይቺ ግን ከመጣች አንድ ቀን ጮኻ አታውቅም፤ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ሰላም።» ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አመስግኖኝ አያውቅም፣ እንደዚያም ደንግጬ አላውቅም። ስልኩን እንደዘጋሁ ፋይሉን ከቴሌግራም አውርጄ በራሴ ኮምፒውተር ከፈትኩት፤ በእርግጥም በአንድ ሻይ ጊዜ ወረደ። ፎቶግራፍዎ መጣ። ከዚያ ስም የሌላት አንዲት ሴት ፈጠርኩና ሊደርስባት የሚችለውን ክፉ ሁሉ ዓይኔን እየዘጋሁ፣ ዓይኔን እየከፈትኩ ጻፍኩባት። ፕሮግራሙ «ደህና ናት፤ በወሩ ትምጣ» አለኝ።

መልሼ ለሲስተር የሺሃረግ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ደወልኩ። ስትገኝም ቀለሙን ትታ ያለፉትን እናቶች ልኬት አንድ በአንድ በዓይኗ እንድታይልኝ ለመንኳት። ባለሙያ ናት፤ ቁጥሩን ብታይ ታውቀዋለች፤ ግን በገበያ ቀን አንዱ ይለካል፣ አንዱ ያስገባል፣ ለእሷ የሚደርሳት ቀለሙ ነው፣ መመሪያውም እንዲያ ይላል። ስታይ ቆየችና ድምፅዋ ተለወጠ። ቀይ ሊበራላቸው ሲገባ ያለፉ ሌሎችም ነበሩ፤ የእነሱን ስም እዚህ መጻፍ አይገባኝም። የእህቴ ግን ይኸውልዎ፤ ደም ግፊቷ ባለፈው ክትትል መቶ ሃምሳ በመቶ ነበር፣ ራሴን ያመኛል ብላለች፣ እግሯም አብጧል። በሃያ ሁለቱ ሜጋባይት ዘመን ይህ ገና ተጽፎ ሳያልቅ ማያው በቀላ፣ ድምፁም ግቢውን ባናወጠው ነበር። በእርስዎ ዘመን ግን አረንጓዴ በርቶላት ወደ ቤቷ ሄዳለች።

አራተኛ፤ አምቡላንስ ፕሮግራሙ ቀይ ሲያበራ ከሚያትመው ወረቀት ውጪ እንዳይንቀሳቀስ ስላስተላለፉት ሰርኩላር አመሰግናለሁ። ዓላማው ያለአግባብ መመላለስን ለማስቀረት እንደነበር አልጠራጠርም፤ ሙሉ በሙሉም ተሳክቷል፤ ሰርኩላሩ ከወጣ ወዲህ ከዚያ ጤና ጣቢያ አንድም አምቡላንስ አልተጠራም። ሲስተር የሺሃረግ እህቴን ልታስወስድ ስትደውል «ቁጥሩን ንገሪን» ተባለች። ቁጥር የለም። ፕሮግራሙ ደህና ናት ያላትን ሴት በምን ቁጥር ታስወስዳት? ዝናቡ ከገባ ወዲህ ሚኒባስ ከደካ አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጭቃ የሚያልፈው ያ አምቡላንስ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ቃሬዛና የጎረቤት ትከሻ ነው። 

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ቁጥር የለውም፤ ምስጋናም የለበትም።

ለእህቴ ደወልኩላት። ራሷን እንደሚያማት ጠየቅኋት፤ አዎ፣ ትንሽ፣ የልጆቹ ጩኸት ነው አለች። ዓይንሽስ? አንዳንዴ ብልጭ ይልብኛል አለች። ሲስተር የሺሃረግ ሆስፒታል ሂጂ ብላት እንደነበር፣ እሷ ግን ማያውን አሳይታ እምቢ እንዳለች ነገረችኝ። ለምን አልኳት። «ማሽኑ ደህና ነሽ ብሎኛል፤ ያንተ ማሽን አይደል እንዴ?» አለችኝ። እሷ ለጎረቤቶቿ ሁሉ ይህን ወንድሜ ነው የሠራው እያለች ትናገራለች፤ ክትትል የማይወዱትን ሴቶች እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ የወሰደችው በዚህ ነው። ማሽኑ ተቆርጧል፣ የእኔ አይደለም፣ አትመኚው ብዬ ጮኽኩ። ሳቀችብኝ። «ውባ፣ አንተ ከድሮም ፈሪ ነህ፤ ሰማይ ሲያጓራ አልጋ ሥር ገብተህ እኔ ነበርኩ የማወጣህ» አለችና ስለ ሕፃኑ ስም ታወራኝ ጀመር። ያኔ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እንግዲህ የእኔን ነገር ይመልከቱልኝ። የጻፍኩት ፕሮግራም በተከበረው ኮሚቴ እጅ ገብቶ እህቴን ይዋሻታል፤ እሷም የምታምነው እኔ ስለጻፍኩት ነው፤ እኔን የማታምነኝ ደግሞ እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ከእንግዲህ የሚያሳምናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽኑ ተሳስቷል የሚል የእርስዎ ፊርማና ማኅተም። መምህርት ናት፤ ማኅተም ታከብራለች። የአምቡላንሱ ሾፌርም እንዲሁ።

ቢሮዎ መጥቼ ነበር። አቶ ኢዮሲያስን አገኘሁትና የቆረጠውን ክፍል በስሙ አሳየሁት። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲገባው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ «ባለቤቴ እኮ የአምስት ወር ናት» አለኝ ዝቅ ብሎ። በሙከራው ዕለት ስሟን አስገብቶ ነበር፤ መቶ አሥር በሰባ። አብረን ተቀምጠን የማስጠንቀቂያውን ክፍል መለስነው። ፋይሉ ከአራት ሜጋባይት አላለፈም፤ ፎቶግራፍዎም አልተነካም፣ መቀሱም እንዳለ ነው። ግን ያለ እርስዎ ፊርማ መሰራጨት አይችልም፤ እርስዎም የቅነሳው ሪፖርት ወደ በላይ ስለተላከ፣ ማስተካከያ ማውጣት ተሳስተናል ማለት ስለሚሆን፣ ለቅነሳው የሚሰጥዎት የዕውቅና ሥነ ሥርዓት እስኪያልፍ ይቆይ ማለትዎን ሰማሁ። እርስዎን ራስዎን አላገኘሁም፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በር ላይ ብዙ ቆየሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና ወንበር ሰጥታኛለች፤ እሷንም አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የተስተካከለው ፋይል ጠረጴዛዎ ላይ፣ በፍላሽ፣ ከአበባው ማስቀመጫ አጠገብ አለ። ይፈርሙበት። እስኪደርስ ድረስም አምቡላንስ በአዋላጅ ቃል ብቻ እንዲንቀሳቀስ በአንድ መስመር ይዘዙ። ስህተቱ የእኔ ነው ብለው ቢጽፉ አልቃወምም፤ «አንድ የአካባቢው ወጣት ባደረሰው ጉድለት» ብለው መጀመር ይችላሉ፤ ይህን ጊዜ በስሜ ቢጠሩኝም ደስ ይለኛል። ከሥራ ቢያሰናብቱኝ እፈርማለሁ። የዕውቅናው ዋንጫ ሲመጣም መጥቼ አጨበጭባለሁ። ብቻ ፈጥነው ይፈርሙ፤ ፈርቻለሁ። ሌላ የማስጌጥበት ቃል የለኝም፤ በጣም ፈርቻለሁ።

እኔ ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ደካ ድረስ በመኪና እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው። እህቴን እሺ ካለችኝ አመጣታለሁ። እዚያው ቀበሌ ውስጥ አረንጓዴ በርቶላቸው የተቀመጡት፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ወንድም የሌላቸው ሴቶች ግን የእርስዎ ናቸው።

ረጅም ዕድሜ፣ የተረጋጋ ደም ግፊትና ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከጭቃ በፊት ጫማዬን እያሰርኩ፣ በአክብሮትና ከአክብሮቴም በሚበልጥ ፍርሃት እሰናበታለሁ።

ውባየሁ ጣሰው
(«አንድ የአካባቢው ወጣት»)

ግልባጭ፦
— ለአምቡላንስ ስምሪት፣ ቁጥር ባይኖረውም
— ለሲስተር የሺሃረግ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ
— ለመምህርት ኑኃሚን ጣሰው፣ ታምነኝ እንደሆነ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጻፍኩትን ሁሉ ላለማመን መብትዎ ነው፤ ማረጋገጫው ግን ቀላል ነው፣ ስብሰባም አያስፈልገውም። ፕሮግራሙን ይክፈቱ፣ ፎቶግራፉ እስኪያልፍ ይጠብቁ፣ ከዚያ «ሰሎሜ» ብለው ይጻፉ፤ ከስሟ ቀጥሎ ግፊቷን መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ፣ ራስ ምታት አዎ፣ ደም መፍሰስ አዎ ይበሉ። ጣትዎ እምቢ ካለዎት አልፈርድብዎትም፤ በአዳራሹ ያ ክፍል ለምን ሳይጠራ እንደቀረ ያኔ ይገባዎታል። የእኔም ጣት እምቢ ብሎኝ ነበር። ግን ዛሬ ጠዋት «ኑኃሚን» ብዬ ጻፍኩ፤ ክፉም አልጨመርኩባት፤ ሲስተር የሺሃረግ የነገረችኝን ብቻ አስገባሁ። ማሽኑ ጊዜ አላጠፋም። «ደህና ናት፤ በወሩ ትምጣ» አለኝ።